ጎንደር ቴሌቪዥን ነበራት ወይስ ይደርሳት ነበር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው፤ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እማራለሁ። አያቴ ‹በደርግ ጊዜ እዚህ ጎንደር ቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረ፤ አጎትሽ እዚያ ነበር የሚሠራው› ትለኛለች። መምህራችን ደግሞ ‹በዚያን ጊዜ አገሪቱ በሙሉ የነበራት አንድ ቴሌቪዥን ነው፤ እሱም አዲስ አበባ› ይላሉ። ማንን ልመን? ጎንደርን የሚያህል ከተማስ ያኔ ለምን የራሱ ቴሌቪዥን አልነበረውም? ለመመረቂያ ጽሑፌ ልይዘው ስላሰብኩ ሰፋ አድርገው ይንገሩኝ።»

ምላሽ፦ ሁለቱንም እመኚያቸው። መምህርሽ ልክ ናቸው። በዚያ ዘመን ምስሉ የሚዘጋጀው አዲስ አበባ ብቻ ነበር። አያትሽም አልተሳሳቱም። አጎትሽ የሠራው ማሰራጫው ላይ መሆን አለበት። እኔም የስርጭት ሰው ስለሆንኩ ሥራውን በደንብ አውቀዋለሁ። ካሜራ ፊት የሚቆመውን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ማማ ሥር የሚያድረውን ግን ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያስታውሰውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥን ምስሉ የሚሠራበት ቤት ይፈልጋል፤ ስቱዲዮ የምንለው። ምስሉን ከዚያ ቤት አውጥቶ ሌላ ቦታ የሚያደርስ መስመር ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አየር ላይ የሚለቅ ማሰራጫ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ሦስቱም ነበራት። ክፍለ ሀገር ላይ ያለ ከተማ የሚደርሰው የመጨረሻው ነው። ለከተማው ሰው የሚታየውም ይኸው የመጨረሻው ነው። ማማው ይታያል፣ አጥሩ ይታያል፣ ዘበኛው ይታወቃል፣ ሠራተኛው ጎረቤት ነው። አያትሽ ጣቢያ ቢሉ ምን ይፈረድባቸዋል?

አሁን ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ጃንሆይ ናቸው ያስጀመሩት። ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ረድቷል። ለጥድፊያው አንዱ ምክንያት አዲስ አበባ የሚሰበሰበውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ለማሳየት ነበር። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሰዓቱም ምሽት ብቻ። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ለልጆች ተረት ማውራት የጀመሩት ያኔ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ቆዩበት። ልብ በይ፣ ያኔ «ልጆች» ሲሉ የሚሰሟቸው የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ልጆች ብቻ ነበሩ። የጎንደር ልጅ አባባ ተስፋዬን ያወቃቸው ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀደም ብሎ አስመራ ላይ ቴሌቪዥን ነበረ። የአሜሪካ ጦር በቃኘው ጣቢያ ለራሱ ወታደሮች ያሰራጭ ነበር። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ተመልካቹም ፈረንጅ። ቢሆንም ለአንድ ከተማ ብቻ የሚሆን ቴሌቪዥን በዚያ ዘመን ዕቃ መሥራት እንደሚቻል ያሳያል። ጥያቄሽ ላይ ስንደርስ ይህ ይጠቅመናል።

ጎንደር በተንቀሳቃሽ ምስል እንግዳ አልነበረችም። ፒያሳ ላይ ያለውን ሲኒማ ቤት ታውቂዋለሽ። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ በ1934 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጎንደር ውስጥ እጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት። ስለዚህ የከተማው ሰው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ምስል ማየትን የለመደው ከቴሌቪዥን በጣም ቀድሞ ነው። ፊልም ግን ሣጥን ውስጥ ተጭኖ በመኪና ይመጣል። ቴሌቪዥን በመኪና አይመጣም። ችግሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ባትሪ መብራት ነው፤ ፊት ለፊት ይሄዳል እንጂ ጋራ ዞሮ አይመጣም። መሬት ክብ ስለሆነች ደግሞ ሜዳ ላይ እንኳ ቢሆን የሆነ ቦታ ላይ ይቋረጣል። የኛ ሰዎች በቀላሉ የሚያሰሉበት መንገድ አለ። አንቴናው ከአካባቢው መሬት ያለውን ከፍታ በሜትር ያዢ። ስኩዌር ሩቱን አውጪ። በ4.1 አባዢው። የሚወጣው ቁጥር አንቴናው በኪሎ ሜትር የሚያየው ርቀት ነው። 100 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና ወደ 41 ኪ.ሜ. ያያል። 400 ሜትር ከፍ ቢል ወደ 82 ኪ.ሜ. ነው። ከፍታውን አራት እጥፍ አድርገሽ የምታገኚው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በአየር ቢለካ ከ400 ኪ.ሜ. በላይ ነው። መሐል ላይ የዓባይ ሸለቆ አለ። የጮቄ ተራራ አለ። እንጦጦ ላይ የፈለግሽውን ያህል ማማ ብትተክዪ ጎንደር አይደርስም። ስለዚህ መስመር ያስፈልጋል። ሳተላይት በየቦታው ከመድረሱ በፊት መስመር ማለት ማይክሮዌቭ ነበር። ከአንድ ኮረብታ ወደ ሌላ ኮረብታ፣ በየ40 እና በየ50 ኪ.ሜ. አካባቢ ምስሉን እየተቀባበሉ ማሳለፍ። በየኮረብታው ማማ፣ በየማማው መብራት ወይም ጄኔሬተር፣ በየጄኔሬተሩ ናፍጣ የሚያመጣ መኪና። አንዱ ቢታመም ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ከአዲስ አበባ ውጪ ያሉ ከተሞች ቴሌቪዥን ያገኙት እንዲህ ቀስ በቀስ፣ መስመርና ማሰራጫ በተዘረጋ ቁጥር ነው።

ምስሉ ከተማው ከደረሰ በኋላም ችግሩ አላለቀም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ራሷ ጎድጓዳ ውስጥ ናት። በሰሜንና በምሥራቅ ተራራ ይዟታል፤ በደቡብ ወደ አዘዞና ወደ ጣና ይከፈታል። ቀሃና አንገረብ በሁለት ወገን ቆርሰዋታል። ስለዚህ አራዳ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ምስል ቀሃ ዳር ያለ ቤት ሲደርስ ሁለት ይሆናል። የጋዜጠኛው ጭንቅላት ጎን ሌላ የገረጣ ጭንቅላት ይቆማል። አያትሽን ጠይቂያቸው፣ ያስታውሱታል።

ያ ጥላ ከየት ይመጣል? አንዱ ሞገድ ከማማው በቀጥታ ይመጣል። ሌላው መጀመሪያ ተራራ መትቶ ይመለሳል። የተመለሰው 300 ሜትር ትርፍ መንገድ ከሄደ በ1 ማይክሮ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ይዘገያል። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ምስል አንድ መስመር በ52 ማይክሮ ሰከንድ ነበር ከግራ ወደ ቀኝ የሚሳለው። 50 ሴ.ሜ. ስፋት ባለው ስክሪን ላይ አስቢው፤ ጥላው ወደ 1 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ይታያል። ስለዚህ በማስመሪያ ጥላውን ለክቶ የትኛው ተራራ እንደሚያስቸግር መገመት ይቻል ነበር። እኛ ቴክኒሻኖች እንዲህ ባለው ነገር ነበር የምንዝናናው፤ ሌላ መዝናኛ ማማው ሥር የለም።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የአሉሚኒየም አንቴናም ዝም ብሎ የተቆረጠ አይደለም። በ200 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሜትር ነው፤ ግማሹ 75 ሴ.ሜ. ይሆናል። አሮጌ አንቴና ጣሪያ ላይ ካገኘሽ መሐል ያለውን ዘንግ ለኪው። ርዝመቱ በዚያ ሰፈር ቴሌቪዥን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ይገባ እንደነበር በግምት ይነግርሻል። ይህ ለታሪክ ተማሪ ሰነድ ነው።

ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። መስከረም ላይ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበርና የደርግ ፓርቲ የነበረው ኢሠፓ ሲመሠረት። እርግጥ ቀለም አየር ላይ ተለቀቀ ማለት ሰው ቤት ገባ ማለት አይደለም። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር። አብዛኛው ሰው ቴሌቪዥን ያየው ቀበሌ አዳራሽ፣ ክበብ ወይም የጎረቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ጎረቤት ሳሎን ማለት ጫማ አውልቆ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ለዕቃው በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ ይከፍል ነበር፤ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሁሉ በነፃ ያያል።

አሁን ወደ አጎትሽ ልመለስ። የማሰራጫ ሰው ሥራው ምንድን ነው? የሚመጣውን ምልክት ይጠብቃል። ልኩን ያያል። ማሰራጫውን ያሞቃል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይለቃል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሳል። ክረምት ሲመጣ መብረቅ ይፈራል፤ ማማ መቼም መብረቅ የሚወደው ነገር ነው። ያየውን ሁሉ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ፣ ለምን እንደተቋረጠ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መስመር ሲበጠስ ከተማው ሁሉ የሚሰድበው እሱን ነው። በማግስቱ ገበያ ላይ «ትናንት ምን ነካችሁ?» የሚባለው እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ጄኔሬተር ናፍጣ ጨርሶ ቢሆንስ? ለማን ያስረዳል!

ለምን የጎንደር ቴሌቪዥን አልሆነም ለሚለው ጥያቄሽ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። በቴክኒክ ብቻ ካየነው ማሰራጫው የማንን ምስል እንደሚለቅ አያውቅም። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ገመድ ነቅለሽ የአንድ ካሜራ ገመድ ብትሰኪበት ጎንደር በሙሉ ያንን ካሜራ ታያለች። የማሰራጫው ክልል ራሱ ከተማዋና ዙሪያዋ ነው። እንግዲህ ለከተማ ቴሌቪዥን የሚያስፈልገው ከባዱ ዕቃ ተተክሎ ነበር ማለት ነው። ያልነበረው ፈቃድ ነው። ቴሌቪዥን በጃንሆይም ሆነ በደርግ የመንግሥት ብቻ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ የሚናገረው ከአንድ ቦታ ነው። ቀጥሎም ካሜራ፣ ስቱዲዮና ሰው የለም። ግን እነዚህ ፈቃዱ ቢኖር ይመጡ ነበር። አስመራ ላይ የውጭ ጦር ለራሱ ልጆች ያደረገውን እኛ ለከተሞቻችን አላደረግነውም።

ከጎንደር ወደ ውጭ የሚሄደው ምስል ሌላ መንገድ ነበረው። የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ጎንደር ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ዜናው «ጎንደር» ብሎ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ጽሑፍ በስልክና በቴሌክስ (በመስመር ጽሑፍ በሚልክ ማሽን) ይሄዳል። ምስል ግን በዚያ ማይክሮዌቭ መስመር ወደ ኋላ አይሄድም። መስመሩ የተሠራው ለመቀበል ነው። ስለዚህ ፊልሙ፣ በኋላም ካሴቱ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተወስዶ ይላካል ወይም በአውቶቡስ ይጫናል። አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተቆርጦ፣ ተነብቦ፣ ምሽት ላይ በዚያው መስመር ወደ ጎንደር ይመለሳል። የጎንደር ሰው የገዛ ከተማውን ዜና የሚያየው ደርሶ መልስ ከተጓዘ በኋላ ነው። ቀን ያለፈበት፣ አጥሮ የተቆረጠ። አንዳንዴም ስሞቹ ተሳስተው።

ደርግ ወድቆ ክልሎች ሲቋቋሙ ነገሩ ትንሽ ተከፈተ። ባሕር ዳር ላይ የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃን በ1987 ዓ.ም. በበኵር ጋዜጣ ጀመረ። ቀጥሎ ሬዲዮ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ሰዓት ወስዶ ነበር የሚያሰራጨው፤ በኋላ የራሱ ቻናል ሆነ። ዛሬ አሚኮ የምንለው ነው። በአማርኛ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ አዊኛ፣ ኽምጣና እና ኦሮምኛም አለው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። መሐሉ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ቀረበ። ለጎንደር ግን አሁንም ሌላ ከተማ ነው። 180 ኪ.ሜ. መንገድ ቀላል አይደለም።

ጎንደር ያገኘችው ኤፍ ኤም ነው። የክልሉ ሚዲያም ፋናም እዚያ የኤፍ ኤም ጣቢያ አላቸው። ይህን ልብ ብለሽ እይው። ሬዲዮ ላይ ከተማዋ የራሷን ድምፅ ስታገኝ ቴሌቪዥን ላይ ለምን አላገኘችም? አንዱ ምክንያት ወጪ ነው። ለሬዲዮ አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ስልክ ካለ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ይሆናል። ለቴሌቪዥን የግማሽ ሰዓት ዝግጅት ካሜራ፣ መብራት፣ ድምፅ፣ ኤዲቲንግ፣ መኪና ይላል፤ አንድ ቡድን ብዙ ቀን ይዘምትበታል። ነገ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ቴሌቪዥን ጣቢያን የሚገድለው ማማው አይደለም፤ በየቀኑ ሰዓቱን መሙላት ነው። ብዙዎች ሲከፍቱ ዕቃ ይቆጥራሉ እንጂ ነገ የሚያሰራጩትን አይቆጥሩም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ጽሑፍሽን በዚህ ላይ ብታቆሚው ደስ ይለኛል።

የብሮድካስት ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 178። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ 533 መጣ። የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ ለይቶ ፈቃድ የሚሰጥ። አሁን የሚሠራው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ 1238 ነው፤ ተቆጣጣሪውም የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ሕጉ በሩን ከፈተ። የግል ቴሌቪዥን በርከት ብሎ ሲመጣ ግን ስርጭቱ ከማማው ላይ ወርዶ ሰማይ ወጥቷል። ኢቢኤስ፣ ቃና፣ ሌሎቹም የመጡት በሳተላይት ነው።

ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪ.ሜ. ርቀት ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ጎንደርን ብቻ አያበራም። ሞያሌንም ጅግጅጋንም አንድ ላይ ነው። ኪራዩ ደግሞ አይቀንስም። ለጎንደር ብቻ ለማሰራጨትም ለአገር በሙሉ ለማሰራጨትም ያው የውጭ ምንዛሪ ነው የሚከፈለው። ያንን ከፍሎ የአንገረብ ውኃ መቋረጥን፣ የአዘዞ ታክሲ ሰልፍን፣ የቅዳሜ ገበያን ዋጋ የሚያወራ ማን ነው? ማስታወቂያ የሚያመጣው አዲስ አበባ ያለው ተመልካች ነው። ስለዚህ ባለ ቻናሉ ሁሉ ለሁሉም ያወራል።

አየሽ? ቴክኖሎጂው የከተማ በነበረበት ጊዜ ሕጉ የማዕከል ነበር። ሕጉ ሲከፈት ቴክኖሎጂው የከተማ መሆኑን ተወ። ጎንደር በሁለቱ መሐል ነው የወደቀችው። ደሴም ጅማም እንዲሁ።

የሳተላይቱን ለውጥ ጣሪያ ላይ ማየት ትችያለሽ። የኛ ቻናሎች ናይልሳት በተባለው የግብፅ ሳተላይት ላይ በነበሩበት ጊዜ ዲሹ ወደ ምዕራብ ነበር የሚያየው። ከጎንደር ሲታይ በግምት ወደ ጭልጋ አቅጣጫ፣ ከአድማስ ወደ 37 ዲግሪ ከፍ ብሎ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው የኛ ቻናሎች የሳተላይት አገልግሎት መጣና ቻናሎቹ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ሄዱ። ዲሽ ሠሪዎቹ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራቸውም። ዲሹ ሁሉ ዞሮ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ በለሳ አቅጣጫ አየ፤ ቀናም አለ፣ ወደ 63 ዲግሪ። ቀና ማለቱ ለጎንደር ጠቅሟታል። ተራራ ሥር ያለ ቤት ሳይቀር ይይዛል። ቀሃ ዳር ያለው ሰውዬ ከዚያ የተደረበ ምስል ተገላገለ። ከባድ ዝናብ ሲወርድ ግን ምስሉ ይቆራረጣል፤ ያ ፍሪኩዌንሲ ውኃ አይወድም። እንግዲህ ዛሬ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መቀበያ ሆኗል። የአጎትሽን ሥራ ዲሹ ወሰደው።

ጎንደር ቴሌቪዥን ላይ የለችም ማለቴ አይደለም። ጥር 11 ይመጣል፣ የካሜራ መኪኖቹ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ይሰለፋሉ፣ ጥምቀት በቀጥታ ይተላለፋል። ዩኔስኮም በ2012 ዓ.ም. በዓሉን መዝግቦታል። ግንቡ ከበስተኋላ፣ ታቦታቱ ከፊት። ጥር 13 ላይ መኪኖቹ ይሄዳሉ። በዓመት አንዴ የሚመጣ ካሜራ በዓል ያሳያል እንጂ ከተማ አያሳይም።

ፋሲል ከነማን እይው ደግሞ። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ያ የውድድር ዓመት ሊጉ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረበት ነው። ታዲያ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየዞሩ ስለሚካሄዱ ቡድኑ ሻምፒዮን የሆነው ጎንደር ላይ ሳይጫወት ነው። የጎንደር ሰው የገዛ ቡድኑ ዋንጫ ሲያነሳ ያየው ካፌ ተቀምጦ፣ ቡና አዝዞ ነው። ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ጽሑፍሽ ውስጥ ሊገባ የሚገባ ነገር ነው።

ወጣቶቹ «ዩቲዩብ እያለ ምን ማማ?» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ዛሬ ካሜራ አለው። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ለጎንደር የሚሠራ ሰው ተመልካቹ አዲስ አበባና ውጭ አገር ቀረ እንጂ ጎንደር አልነበረም። የራስሽ ማሰራጫ ከሌለሽ በሌላ ሰው መስመር ላይ ነሽ። በእርግጥ ማሰራጫም መብራት ይፈልጋል፣ ባለሥልጣንም ሊዘጋው ይችላል፤ ያን አልክድም።

አንድ መንገድ አሁንም አለ ብዬ አምናለሁ። የምድር ላይ ዲጂታል ነው። በጄኔቫ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት አገሮች ከአናሎግ፣ ማለትም ከድሮው ስርጭት፣ እንዲወጡ የ2007 ዓ.ም. ሰኔን ቀን ቆርጦ ነበር። እኛን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀኑ አልፎባቸዋል። ዲጂታሉ ሲመጣ ድሮ አንድ ቻናል ይዞት የነበረው ፍሪኩዌንሲ ብዙ ቻናል ይይዛል። ማማው ደግሞ ተመልሶ የከተማ ይሆናል። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዷን ቦታ ለከተማው ብቻ መተው ይቻላል፤ ተጨማሪ የሳተላይት ኪራይ የለም። የሚያስፈልገው የፍሪኩዌንሲ ድልድሉ ዕቅድ ሲወጣ «ለከተሞች አንድ አንድ ቦታ ይቀመጥ» የሚል ሰው ነው። ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ ከተስማማሽ ጥቀሺው፣ ካልተስማማሽም ተከራከሪኝ።

ስለ ጽሑፍሽ ደግሞ። «የጎንደር ቴሌቪዥን ታሪክ» ብለሽ አትነሺ፤ ይሰፋብሻል። «ቴሌቪዥን ጎንደር እንዴት ደረሰ፣ ማን ተቀበለው» በይው። አጎትሽ ካሉ ከእሳቸው ጀምሪ፤ ከሌሉም አብረዋቸው የሠሩትን ፈልጊ። ስለ ፖለቲካ አትጠይቂያቸው፣ ስለ ሥራው ጠይቂ። ማሰራጫው ስንት ሰዓት ይከፈት ነበር? ናፍጣ ማን ያመጣ ነበር? ስልኩ የት ነበር? ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሌላውን ሳይጠየቅ ይነግርሻል። የማሰራጫው የሥራ መዝገብ የሆነ መጋዘን ውስጥ ካለ ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል፤ ቀንና ሰዓት አለው፣ ለማንም ብሎ የተጻፈ አይደለም። የቀበሌዎችን የድሮ የንብረት መዝገብ እዪ። አዳራሹ ቴሌቪዥን የገዛው መቼ እንደሆነ እዚያ ውስጥ ይኖራል። በየቤቱ ደግሞ የቴሌቪዥን የፈቃድ ክፍያ ደረሰኝ አይጠፋም፤ እናቶች ወረቀት አይጥሉም። ሴቶቹን መጠየቅ አትርሺ። ማሰራጫውን የሠሩት ወንዶች ቢሆኑም ሳሎኑን ለጎረቤት የከፈቱት፣ ማን ይግባ ማን አይግባ ያሉት እነሱ ናቸው።

ካሴት ካገኘሽ ግን ተጠንቀቂ። ወፍራሙ ዩማቲክ ይባላል፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ቤታካም፣ የቤቱ ቪኤችኤስ ነው። ማጫወቻዎቹ አሁን አይመረቱም። ሶኒ የቤታካም ማሽን መሸጥ ያቆመው፣ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራችም ሥራውን የተወው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያለው ማሽን ሲበላሽ መለዋወጫው ከሌላ አሮጌ ማሽን ነው የሚወጣው። ካሴቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ካየሽ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብለሽ አትክተቺው። ሻጋታው ቴፑን የሚያነበውን የማሽኑን ጭንቅላት ይበክላል፣ ማሽኑም በተራው ቀጣዩን ካሴት ይቧጥጠዋል፤ ቴፑ ተጣብቆ ከሆነ ደግሞ ይበጠሳል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ከድምፅ ማጉያ አርቂው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ማጽዳት የሚችል ሰው እስክታገኚ ድረስ ዝም በይው። ለቴፕ ሥራ ሰው ካጣሽ ጻፊልኝ፤ አሁንም ማሽናቸውን ያልጣሉ አዛውንት ቴክኒሻኖች አውቃለሁ።